በስልክ የገባችው ዓረፍተ ነገር

ፕሮግራም መጻፍ በጀመርንበት ሰሞን ሰሌዳው ላይ «ሀ = ሀ + 1» የሚል ተጻፈልን። ከመካከላችን አንዱ፣ በሒሳብ የማይታማ ልጅ፣ እጁን አወጣና «ይኼ እንዴት ይሆናል? አንድ ቁጥር ከራሱ በአንድ ይበልጣል፣ ደግሞም ከራሱ ጋር እኩል ነው ልንል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀበት። የተሰጠውም መልስ «ዝም ብላችሁ ልመዱት፤ ኮምፒውተር የሚገባው እንዲህ ነው» የሚል ነበር። መቼስ ተማሪ ምን ያደርጋል፣ ለመድነው።

መልሱ ግን እውነት አልነበረም። ኮምፒውተር ያንን ምልክት ከነመኖሩም አያውቀውም። ምልክቱን የመረጡት ሰዎች ናቸው፤ ስምና አገር ያላቸው፣ ተሰብስበው የተከራከሩ፣ የተኳረፉ፣ ድምፅ ሰጥተው ያሸነፉና የተሸነፉ ሰዎች። እኛ እንደ ተፈጥሮ ሕግ የምንሸመድደው ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ የክርክር ርእስ ነበር። ከእነዚህ ክርክሮች ውስጥ እኛን እጅግ የገረመን በአልጎል 60 ዙሪያ የተደረገው ነው። ዛሬ ሥራዬ ብሎ በአልጎል 60 ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ ሆኖም በየቀኑ በምንጽፋቸው ቋንቋዎች ውስጥ ያልገባበት ጓዳ የለም። ታሪኩን እናውጋ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከፎርትራን መነሣት ግድ ይላል። የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ጆን ባከስ በ1953 መጨረሻ ላይ ለአለቃው አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ሰው ቀመሩን በለመደው የሒሳብ አጻጻፍ ይጻፍ፣ ያንን ወደ ማሽን ትእዛዝ የመመንዘሩን ድካም ደግሞ ማሽኑ ራሱ ይሸከመው የሚል ነበር። ቋንቋውና ተርጓሚው፣ ማለት ኮምፓይለሩ፣ በ1957 ወጡ። የዘመኑ ፕሮግራመሮች በእጅ ከተሠራ ትእዛዝ የሚስተካከል ነገር ማሽን ይሠራል ብለው አያምኑም ነበርና የባከስ ቡድን ልቡን ሁሉ የጣለው ፍጥነቱ ላይ ነው። ተሳካላቸውም። ቋንቋው ግን የተወለደበትን ማሽን፣ የአይ.ቢ.ኤም. 704ን፣ መልክ ይዞ ወጣ። በመጀመሪያው ፎርትራን ውስጥ «ከሆነ» የምንለው ትእዛዝ ሦስት መንገድ ነበረው፤ ውጤቱ ከዜሮ ቢያንስ ወደዚህ፣ ዜሮ ቢሆን ወደዚያ፣ ቢበልጥ ደግሞ ወደ ወዲያኛው። ሰው ሲያወራ እንዲህ ብሎ አይከፍልም። እንዲህ እያወዳደረ በሦስት የሚከፍለው 704 ነው።

ከማሽን ርቆ ለማሰብ የተሠራው ሊስፕ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። የጆን ማካርቲ ሊስፕ የአንድን ዝርዝር መጀመሪያና ቀሪ የሚያወጣባቸው «ካር» እና «ኩደር» የሚባሉት ቃላት ከዚያው ከ704 የትእዛዝ ክፍሎች ስም የተቆረጡ አሕጽሮቶች ናቸው። ማሽኑ ሙዚየም ከገባ ስንት ዘመኑ! ስሙ ግን ዛሬም በሊስፕ ጸሐፊዎች አፍ አለ።

ታዲያ የፕሮግራም ቋንቋ የማን ነው? የማሽኑ ነው ወይስ የሰው? ይህ ጥያቄ በተለይ አውሮፓውያኑን አሳሰባቸው። ማሽን ሁሉ የየራሱ ቋንቋ ይኑረው ቢባል ዙሪክ የተጻፈውን ሙኒክ ሊያነበው አይችልም። ሁሉም በአንድ ቋንቋ ይጻፍ ቢባል ደግሞ ያ አንዱ የአንድ ኩባንያ ንብረት ሊሆን ነው። ስለዚህ በ1958 አራት ከአውሮፓ፣ አራት ከአሜሪካ፣ ስምንት ሰዎች ዙሪክ ላይ ለአንድ ሳምንት ያህል ተቀመጡ። ከአሜሪካኖቹ አንዱ ባከስ ራሱ ነበር። ያስቀመጡት ግብ ሦስት ነገር ነው። ቋንቋው ከተለመደው የሒሳብ አጻጻፍ የተጠጋ ይሁን፤ ሰዎች በመጽሔት ላይ የስሌት ዘዴን እርስ በርስ ይገላለጹበት፤ ወደ ማሽን ትእዛዝም ያለ ሰው እጅ ይመንዘር። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። ማሽኑ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው።

ስብሰባው ግን በሰላም አልሄደም። አለን ፐርሊስ በኋላ እንዳወራው ነገሩ ሊፈርስ የደረሰው በነጥብ ነው። አሜሪካኖቹ የአሥርዮሽ ቁጥርን በነጥብ ይለያሉ፣ አውሮፓውያኑ በኮማ፤ አንዱ ተሰብሳቢ ጠረጴዛውን እየደበደበ እኔ በነጥብ አልጽፍም አለ። ሰው በነጥብ ይጣላል? ይጣላል እንጂ! የእኛስ አገር ምሁራን ስለ ሀ እና ሐ ስንት ቀለም አፍስሰዋል። መውጫውን ያገኘው ጆሴፍ ዌግስታይን ነበር፦ ቋንቋው ሦስት መልክ ይኑረው፤ አንዱ ለመጥቀሻ፣ ሁለተኛው ለማተሚያ፣ ሦስተኛው በየማሽኑ ለመጻፍ። ትርጉሙ አንድ ይሁን፣ ፊደሉን ሁሉም እንደ አገሩ ያድርግ። ይህችን ውሳኔ አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

በዚያው ስብሰባ የጓደኛችን ጥያቄም መልስ አግኝቶ ነበር። እኩልነትና ምደባ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና ሁለት ምልክት ተሰጣቸው። እኩል ነው ወይ ብሎ ለመጠየቅ «=»፤ ይህን ዋጋ እዚያ አኑር ለማለት «:=»። በአልጎል «ሀ := ሀ + 1» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሒሳብን አያስዋሽም። ልጁ የተሳቀበት ጥያቄ እሱ ሳይወለድ ተጠይቆ ተመልሷል ማለት ነው።

ወደ 1960 እንለፍ። በጥር ወር አሥራ ሦስት ሰዎች ቋንቋውን ለመጨረስ ፓሪስ ላይ ተሰበሰቡ። ከአሜሪካ ሊመጣ የነበረው ዊልያም ቱራንስኪ ስብሰባው ሊጀመር ሲል በመኪና አደጋ ሞተ፤ የወጣው ሰነድም ለእሱ መታሰቢያ ሆነ። ኮፐንሃገን ይኖር የነበረው ፒተር ናውር ረቂቁን አዘጋጅቶ መጥቶ ነበርና አርታኢነቱ ለእሱ ተሰጠ። ናውር ረቂቁን የጻፈበት መንገድ ራሱ አዲስ ነገር ነው። ባከስ በ1959 የአንድን ቋንቋ ሰዋስው በጥቂት ምልክቶች ብቻ የሚደነግግ አጻጻፍ አሳይቶ ነበር፤ ናውር ያንን ወስዶ አቃናውና ቋንቋውን በሙሉ ጻፈበት። ዶናልድ ክኑዝ በ1964 አጻጻፉ በሁለቱም ስም ይጠራ ስላለ ይኸው ባከስ-ናውር ይባላል።

ከዚህ አጻጻፍ አንድ ምሳሌ ወስደን ብናየው ደግ ነው፤ ለሚከተለው ጠብ ቁልፉ እዚህ ውስጥ ነውና። ቁጥር ምንድን ነው? በባከስ ሥርዓት መልሱ እንዲህ ነው፦ ቁጥር ማለት ወይ አንድ አሐዝ ነው፣ ወይ ደግሞ ቁጥር ሆኖ ከኋላው አንድ አሐዝ የተጨመረበት ነው። በቃ። ቁጥር የተተረጎመው በቁጥር ነው። ቃሉ ራሱን ጠርቶ ራሱን ያስረዳል፤ ሆኖም እንደ አዙሪት አይሽከረከርም፣ ምክንያቱም በዞረ ቁጥር አንድ አሐዝ እየጣለ ይሄዳልና መጨረሻው አንድ አሐዝ ላይ ያርፋል። በዚህች ሁለት ቅርንጫፍ ባላት ደንብ ወሰን የሌለው የቁጥር ብዛት ተጠቃለለ።

ጠቡም የመጣው ከዚሁ ነገር ነው። ፕሮሲጀር የምንለው፣ ማለት ስም ተሰጥቶት በስሙ የሚጠራው የትእዛዝ ጥቅል፣ በሥራ ላይ ሳለ ራሱን መጥራት ይችላል ወይስ አይችልም? በእንግሊዝኛው ሪከርሽን የሚሉት ይህ ነው። ማካርቲ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ነበር፤ በሊስፕ ደግሞ ያለዚህ ውሎ አያድርም። ራሱን የሚጠራ ፕሮሲጀር በምልክት ተለይቶ ይታወቅ የሚል ሐሳብ ቀረበና በድምፅ ተሸነፈ። ስብሰባው ተበተነ፤ ሰዎቹም ወደየአገራቸው ገቡ።

በየካቲት ወር የናውር ስልክ ጮኸ። የደወለው አምስተርዳም ያለው አድሪያን ቫን ዋይንጋርደን ነው፤ ኤድስገር ዳይክስትራም የሐሳቡ ተካፋይ ነበር። ከሰነዱ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንድትጨመር ጠየቁት። ይዘትዋ ይህ ነው፦ የፕሮሲጀሩ ስም በፕሮሲጀሩ በራሱ አካል ውስጥ ከተገኘ፣ ፕሮሲጀሩ ይጠራል ማለት ነው። ምንም አዲስ ምልክት የለም፣ «ሪከርሽን» የሚል ቃል የለም። ናውር በሐሳቡ ድፍረትና ቅለት ተማረከና አስገባት። በ1960 ግንቦት በታተመው ሰነድ ውስጥ ዓረፍተ ነገሯ ተቀምጣ ታየች። ባወር የተባለው የጀርመኑ ልዑክ ነገሩን የአምስተርዳም ሴራ ብሎ ሰየመው፤ ቅሬታውም ለብዙ ዘመን አልበረደም።

እኛም በዚህ ጉዳይ ማደሪያችን ውስጥ ተከራክረናል። ግማሾቻችን «ይኼ እኮ ማጭበርበር ነው፤ ድምፅ የተሰጠበትን ነገር በስልክ መገልበጥ ምን የሚሉት ነው?» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ የተሸነፈው ምልክቱ ነው እንጂ ራስን መጥራት ክልክል ነው የሚል ውሳኔ አልተላለፈም ብለን ተሟገትን። ሁለተኛው ክርክር የጠበቃ ክርክር መሆኑ አይካድም። አሥራ ሦስት ሰው የፈረመበትን ሰነድ ሦስት ሰው ሲለውጠው ባወር መቆጣቱ ተገቢ ነው እንላለን። በዓረፍተ ነገሯ ላይ ግን መፍረድ አቃተን። እንዴት ይፈረዳል? የቋንቋው ሰዋስው ከላይ እስከ ታች ራሱን እየጠራ ተጽፎ፣ በቋንቋው የሚጽፈውን ሰው ግን አንተ እንዲህ ማድረግ አትችልም ይባል?

የተቃወሙት ሰዎች በከንቱ አልፈሩም። በፎርትራን እያንዳንዱ ፕሮሲጀር ዋጋዎቹን የሚያኖርባት አንዲት ቋሚ ቦታ ነበረችው። አንድ ልጅ ዕቃ ግዛ ተብሎ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ተጽፎለት ተላከ እንበል። ሱቅ ሳይደርስ ሌላ መልእክት በዚያችው ወረቀት ላይ ቢጻፍበት የመጀመሪያው ይጠፋል፤ ወዴት መመለስ እንዳለበትም አያውቅም። ፕሮሲጀር ራሱን ቢጠራ የሚደርስበት ይኸው ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ጥሪ አዲስ ወረቀት መስጠት ነው። እነዚህ ወረቀቶች ሞሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ይደራረባሉ፤ መጨረሻ የገባው ከላይ ይሆናል፣ መጀመሪያ የሚነሣውም እሱ ነው። ይህን ቁልል ስታክ ይሉታል። ብዙዎች ይህ አሠራር ማሽኑን ያዘገየዋል ብለው ሠጉ። ዳይክስትራና ያፕ ዞንኔፌልድ ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ አምስተርዳም ላይ ኤክስ-1 ለተባለው ማሽን ሙሉውን አልጎል 60 የሚተረጉም ኮምፓይለር ሠርተው ጨረሱ። ሥራው እስኪያልቅ ጢማችንን አንላጭም ብለው ተማምለው እንደነበር ይወራል፤ ዞንኔፌልድ ወዲያው ተላጨ፣ ዳይክስትራ ግን እንዳሳደገው ቀረ።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ምን ትሠራለች ለሚል ሰው የቶኒ ሆርን ነገር እንንገረው። ይህ ወጣት እንግሊዛዊ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ሳለ የሩሲያኛ ቃላትን በፊደል ተራ የሚደረድርበት ፈጣን ዘዴ ፈለገና አንድ ነገር ታየው። የፈተና ወረቀት ቁልል ከፊታችን አለ እንበል። አንዱን ወረቀት እናነሣለን፤ ከእሱ ያነሱትን ነጥቦች ወደ ግራ፣ የበለጡትን ወደ ቀኝ እንከምራለን። ከዚያስ? ከዚያማ በግራው ቁልል ላይ ይኸንኑ እናደርጋለን፣ በቀኙም ላይ ይኸንኑ። «ይኸንኑ» የምትለዋን ቃል ሰው በአፉ በቀላሉ ይላታል፤ የዚያ ዘመን አብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ግን ለእሷ ቦታ አልነበራቸውም። ሆር ዘዴው በልቡ እያለ በፕሮግራም መግለጽ ተቸገረ። ለአለቃው ዘዴዬ ካንተ ይፈጥናል ቢለው አለቃው አይፈጥንም ብሎ በስድስት ፔኒ ተወራረደው፤ ተበላም። በ1961 ብራይተን ከተማ ላይ ናውር፣ ዳይክስትራና ፒተር ላንዲን የአልጎል 60 ትምህርት ሰጡ። ሆርም ተገኝቶ ስለዚያች ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ዘዴውን በጥቂት መስመር ጻፈው። ክዊክሶርት እየተባልን የምንማረው ይህ ነው። ሐሳቡ ቋንቋ እስኪያገኝ ድረስ በሰውየው ራስ ውስጥ ታስሮ ነበር ማለት ነው።

አልጎል 60 በገበያ አልቀናውም። ለዚህ አንዱ ምክንያት አይ.ቢ.ኤም. የራሱን ፎርትራን ይዞ መቅረቱ ነው። ሌላው ግን የኮሚቴው የራሱ ጥፋት ነው፦ ሰነዱ ውስጥ መረጃ የሚያነብና ውጤት የሚያትም ትእዛዝ አንድም የለም! ይህ የየማሽኑ ጉዳይ ነው ብለው ተዉት። የሚያስብ፣ ግን የማይሰማና የማይናገር ፍጡር ሠሩ ብንል አላጋነንም። ለማሽን ባለማጎብደድ የሚመሰገኑ ሰዎች በዚህ ላይ የተራውን ተጠቃሚ ጣጣ ንቀዋል። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን የንባብና የኅትመት ትእዛዝ ቀጠለበትና ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው ይሻገራል የተባለው ፕሮግራም ድንበር ላይ ቀረ።

ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን ዓለምን ወረሱ። ዳይክስትራ በ1968 መጋቢት «ወደዚያ ዝለል» የሚለውን የጎቱን ትእዛዝ የሚያወግዝ አጭር ደብዳቤ አወጣ፤ የምናውቀውን ኃይለኛ ርእስ የሰጠው አርታኢው ኒክላውስ ቪርት ነው እንጂ እሱ አይደለም። ክርክሩ ይህ ነው። ሰው ፕሮግራሙን ወረቀት ላይ ቆሞ ያየዋል፤ ፕሮግራሙ ግን በጊዜ ውስጥ ይሮጣል። ከየትም ወደየትም መዝለል ከተፈቀደ የወረቀቱን መስመር እያየን ሩጫው የት እንደ ደረሰ ማወቅ አንችልም። ኮራዶ ቦምና ጁሴፔ ያኮፒኒ ያለ ዝላይ ማንኛውንም ስሌት መጻፍ እንደሚቻል በ1966 አሳይተው ነበር። ክኑዝ በበኩሉ በ1974 ነገሩን አታክርሩት፣ ዝላይ የሚጠቅምበትም ቦታ አለ ብሎ ጻፈ። እኛ ከዳይክስትራ ጋር ነን፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሌላ ተማሪ ፕሮግራም እንድታርም የተሰጠህ ቀን ምክንያቱ ይገባሃል።

ኦስሎ ላይ ደግሞ ኡለ-ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጋርድ አልጎልን ይዘው ወረፋን በኮምፒውተር ለማስመሰል ይሠሩ ነበር። በአልጎል አንድ ብሎክ ሥራውን ሲጨርስ ወረቀቱ ከሞሶቡ ይነሣል፣ የያዘውም ሁሉ ይጠፋል። እነሱ ግን ወረፋ የቆመ ሰው ተራው እስኪደርስ መኖር አለበት አሉ። ስለዚህ ብሎኩ ከጠሪው በኋላ እንዲኖር፣ የራሱን ዋጋዎችና የራሱን ፕሮሲጀሮች ይዞ እንዲቆይ አደረጉ። ሲሙላ 67 የዚህ ውጤት ነው፤ ዛሬ ክላስና ኦብጀክት የምንለው ነገር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ይኸው ኒጋርድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆኖ፣ ኮምፒውተር ወደ ፋብሪካ ሲገባ ሠራተኛው ምን ድምፅ እንዲኖረው ሲያጠና ይገኛል። በእኛ አስተያየት የሁለቱ ሥራ ሰው አንድ መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም።

ስሕተትም ይወረሳል። ሆር በ1965 ለአልጎል ተተኪ ሲነድፍ «ወደ ምንም የሚያመለክት» ጠቋሚ አስገባ፤ የሚያስቸግር ስላልነበረ ብቻ። ፕሮግራማችን ኦብጀክት አለ ብሎ ሲዳስስ ባዶ አግኝቶ የሚወድቀው በዚህ ሰበብ ነው። በ2009 ሆር ራሱ ሕዝብ ፊት ቆሞ ይህ የእኔ የቢሊዮን ዶላር ስሕተት ነው ብሎ አመነ። ባከስም ቢሆን በ1977 የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ንግግሩን ያዋለው እሱ ራሱ በፎርትራን ያስለመደውን አጻጻፍ ለማውገዝ ነበር። ዋጋ በዋጋ ላይ እየደረብን፣ አንድ በአንድ እያመላለስን የምንጽፈው የማሽኑ ባሪያ ስለ ሆንን ነው አለ። የጓደኛችን «ሀ = ሀ + 1» ጉዳይ ከጥቂቶች በስተቀር ማንም ያልደገፈው ሙግት አልነበረም ማለት ነው።

ምልክቱስ እንዴት ወደ ኋላ ተመለሰ? ኬን ቶምሰን ቢ የተባለውን ቋንቋ ሲሠራ ምደባ ከእኩልነት ጥያቄ ይልቅ ስለሚበዛ አጭሩ ምልክት ይድረሰው አለ። ምደባ «=» ሆነ፣ እኩልነት «==» ሆነ። ከቢ የዴኒስ ሪቺ ሲ ተወለደ፤ ከሲ ደግሞ እኛ ሰሌዳ ላይ ደረሰ። አንዲት ጣት ላለመድከም ስንት ሺህ ተማሪ አንዷን ምልክት ረስቶ ሌሊቱን ስሕተት ሲፈልግ አድሯል!

የዌግስታይንን ውሳኔ ይያዝልን ብለን ነበር። በአልጎል 60 «ጀምር»፣ «ከሆነ»፣ «ጨርስ» የሚሉት ቃላት እንደ ፊደል ድርድር አይታዩም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ምልክት ናቸው። ስለዚህ በሶቪየት ኅብረት አልጎል በሩሲያኛ ቃላት ይጻፍ ነበር። የእኛ ፊደል በ1999 ከዩኒኮድ ሠንጠረዥ ገባ፤ በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ ስሞችን በማንኛውም ፊደል ይቀበላል። ያ ጓደኛችን በቀደም «ድምር = ድምር + 1» ብሎ ጽፎ አሠራውና ጠራን። ቀጥሎ «ከሆነ»ን ልክ እንደ ስሙ ሊጽፍ ቢሞክር እምቢ አለው፤ እሱ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚሠራው። ልጁ ግን አልተወም፤ የራሱን ተርጓሚ እየጻፈ ነው። የተጨቃጨቅነው በሌላ ነው። እሱ «ከሆነ»ን እንደ እንግሊዝኛው ከፊት አስቀምጦታል። እኛ ደግሞ በአማርኛ እኮ ነገሩ ቀድሞ «ከሆነ» ከኋላ ነው የሚመጣው፣ ቃሉን ብቻ ለውጠህ ሥርዓቱን ከተውከው ምኑን አማርኛ ሆነ አልነው። ሰዋስውን በባከስ አጻጻፍ ገልብጦ ለመጻፍ ሦስት ቀን ወስዶ ሄዷል።